የወጣቶች ውድድርና የነጋዴ ትዕግሥት

ነጋዴ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት «ምን አገኝበታለሁ?» ብሎ መጠየቁ የሚያስነቅፈው አይደለም፤ ንግድ የሚቆመው በዚሁ ጥያቄ ነውና። ነገር ግን ትርፉ በዓመቱ መዝገብ ላይ የማይታይ ሥራ መኖሩን መዘንጋት አይገባውም። ለዚህም በአሜሪካ አገር በየዓመቱ የሚደረገው የወጣቶች የጎልፍ ሻምፒዮና መልካም ምስክር ነው።

ይህን ውድድር የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ጀመረው። በመጀመሪያው ዓመት ፍጻሜ ዲን ሊንድ የተባለው ወጣት ኬን ቬንቱሪን አሸነፈ። በዚያ ቀን ሒሳቡን የዘጋ ሰው ቢኖር ኖሮ ቬንቱሪን ከኪሳራ በቈጠረው ነበር። ዳሩ ግን ያው ተሸናፊ ከ16 ዓመት በኋላ፥ በ1964፥ በብርቱ ሙቀት በአንድ ቀን 36 ጉድጓድ ተጫውቶ በታላላቆቹ የአሜሪካ ኦፕን ውድድር ድል አደረገ። ጃክ ኒክላውስም በወጣቶቹ ውድድር ደጋግሞ ተሰልፎ አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ ቢቀር፥ በኋላ ከዓለም ተጫዋቾች ግንባር ቀደም ለመሆን በቅቷል። ታይገር ዉድስ ደግሞ በ1991፥ በ1992ና በ1993 በተከታታይ አሸነፈ።

የዚህ ውድድር ኃይል በዋንጫው ማማር ሳይሆን ቀኑን ጠብቆ በመመለሱ ነው። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ቢቋረጥ እንኳ በማግሥቱ ዓመት ቀጥሏል። ዘንድሮ የተሸነፈ ልጅ ዕድሜው እስከ ፈቀደለት ድረስ ለከርሞ የሚመለስበት ሜዳ እንዳለ ያውቃል።

ብዙ ነጋዴ ግን ለወጣቶች ስፖርት የሚሰጠው አንድ ጊዜ ነው። ዋንጫው ይገዛል፤ ማልያው ይታደላል፤ የንግድ ቤቱ ስም በሜዳው ዙሪያ ይሰቀላል። በሚመጣው ዓመት ልጆቹ ተዘጋጅተው ሲጠብቁ ሰጪው የለም። ይህ አድራጎት ችግኝ ተክሎ ውኃ እንደ መከልከል ነው። ቡና ወደ ውጭ አገር የሚልክ ሰው፥ ችግኙ በተተከለ በዓመቱ ፍሬ እንደማይሰጥ ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ ለቡናው ያለውን ትዕግሥት ለልጆች ሊነፍጋቸው አይገባም።

ስለዚህ የንግድ ማኅበር አባሎች በኅብረት ሆነው አንድ የወጣቶች ውድድር መርጠው ቢይዙ፥ ወጪውንም እንደ ቤት ኪራይ በየዓመቱ መዝገብ ቢያሰፍሩት ይበጃል። በአንድ ቀን ከሚሰጥ 10000 ብር ይልቅ፥ ለ10 ዓመት ሳይቋረጥ የሚሰጥ 1000 ብር ብዙ ልጅ ያሳድጋል። ቃሉን በየዓመቱ የሚጠብቅ የንግድ ቤት ደግሞ በገበያም ይታመናል።