«ስትወልጂ ይተውሻል» የሚሉት ሕክምና

የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ከአልጋ መነሳት ለሚያቅታት ልጅ እኛ ዘንድ የተዘጋጀ መልስ አለ፤ «ያለ ነው፣ ስትወልጂ ይተውሻል»። እናት ትለዋለች፣ ጎረቤት ይለዋል፣ አንዳንዴም ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ይደግመዋል። ይህ ምክር አይደለም እንላለን፤ አፍ ማዘጊያ ነው።

ለምን ቢሉ፣ ሕመሙ ኢንዶሜትሪዮሲስ ከሆነ የመውለዱን መንገድ ራሱን ሊዘጋ ይችላላ! የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል፤ ያቆስላል፣ ጠባሳ ይተዋል፣ የዘር እንቁላል የሚያልፍበትን ቱቦ ሊያጣብቅ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 190 ሚሊዮን ሴቶች ይህ ሕመም አለባቸው። ሁሉም መካን አይሆኑም፤ ብዙዎቹ ያለ ሐኪም እርዳታ ይወልዳሉ። ማርገዝ ያቃታትን ሴት ግን «ውለጂ፣ ይሻልሻል» ማለት የተራበ ሰው ፊት ባዶ ትሪ አቅርቦ «ብላ፣ ረሃብህ ይለቅሃል» እንደማለት ነው። ደግሞም እርግዝና መድኃኒት አይደለም፤ ከወሊድ በኋላ ሕመሙ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ሁለተኛው ጥፋት ያለው ክሊኒክ ውስጥ ነው። ሕመሙን የሚያስታግሱት የሆርሞን መድኃኒቶች፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንን ጨምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋሉ። እነሱን እየዋጡ ልጅ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ «ለማርገዝ ይረዳል» ተብሎ እንዲህ ዓይነት መድኃኒት እንዳይታዘዝ ይመክራል። ላፓራስኮፒ የሚባለው ቀዶ ሕክምናም ለአንዳንዶች የማርገዝ ዕድል ይጨምራል፤ ከኦቫሪ ላይ ኪስት ሲወጣ ግን ጤነኛ እንቁላልም አብሮ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ማዘዣ ከመጻፉ በፊት «ልጅ የምትፈልጊው አሁን ነው?» ብሎ መጠየቅ የሐኪሙ ግዴታ ነው። ይህ ሳይነገራት የፈረመች ሴት ፈቅዳ ፈረመች አይባልም።

ባልየውስ? የወንድ ዘር ምርመራ ሆድ ከመቀደድ እጅግ ይቀላል፣ ይረክሳልም። እሱ ግን «እኔ ጤነኛ ነኝ» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል፤ እሷ ከፀበል ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ወደ ፀበል ትመላለሳለች። ሠርግ ላይ «ዓይናችሁን በዓይናችሁ ያሳያችሁ» ብለን ሁለቱን መርቀን፣ ልጅ ሲዘገይ አንዷን ብቻ እንወቅሳለን። ፍርድ ነው ይሄ?

በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2019 የመካንነት ሕክምና ማዕከል መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ዕድሜ ሲገፋ የእንቁላል ቁጥርም ጥራትም ይቀንሳል። «ያለ ነው» እየተባለች ዓመታት ያባከነች ሴት በየትኛውም ማዕከል ደጃፍ የምትደርሰው ዘግይታ ነው።

ከትምህርት ወይም ከሥራ የሚያስቀር የወር አበባ ሕመም «ያለ» አይደለም። እህታችሁ አመመኝ ስትል ምርቃቱን ተዉትና ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። ባሏንም አስከትሉት።