የማሠልጠን ሰዓት የሥራ ሰዓት ነው

በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ የሚያለማ ገበሬ በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ያሳድጋል፤ ከዚያ ከዛፉ ሥር ሣር ያጭዳል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ያከስላል። ነባሩ አክሳይ እንጨቱን ደርድሮ በሣርና በአፈር ካለበሰ በኋላ የሚመራው በጭሱ ነው። ነጭና ወፍራም ከሆነ እንጨቱ ገና እርጥበቱን እየለቀቀ ነው፤ ሳስቶ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ከሰሉ ደርሷል። አፈሩ ተሰንጥቆ አየር ከገባ ደግሞ የዓመታት ልፋት አመድ ይሆናል። ይህን የሚያውቀው ብዙ ክምር ሲነድ ያደረ ሰው ነው። በቅርብ ዓመታት ዲከረንሱን የመታውን የዝገት በሽታ ግን የጭስ እውቀት አልመለሰውም። ፈንገሱን ለይቶ ለማወቅ ቤተ ሙከራ የገባ ወጣት ባለሙያ ያስፈልጋል።

ሁለቱ እንዲማማሩ መምከር ብቻውን አይበቃም፤ ጊዜ ሊመደብላቸው ይገባል። በአገራችን የትብብር ሥልጠና አሠራር የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ 70 በመቶ የሚሆነውን ጊዜ በድርጅት ውስጥ እንዲያሳልፍ ይጠበቃል። ነገር ግን ነባሩ ሠራተኛ የሚመዘነው በሠራው ሥራ ብቻ ከሆነ፣ ሠልጣኙን የሚያየው እንደ ሥራ ማጓተቻ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም በ60 ዓመቱ ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ በስሙ ያለውን ወንበርና መሣሪያ ቆጥሮ ያስረክባል፤ እውቀቱን የሚረከበው ግን የለም።

አዛውንቱ ወጣቱ እንጀራዬን ይቀማኛል ብሎ እውቀቱን ይደብቃል የሚሉ አሉ። ስጋቱ እውነት ነው። መልሱም ማስተማሩ እንዲያስከፍለው ሳይሆን እንዲያስከብረው ማድረግ ነው፤ በሥራ ምዘናው ነጥብ፣ በክፍያውም ድርሻ ይኑረው። የነባሩ ዘዴ ኋላ ቀር ነው፣ የአፈር ክምር እንጨት ያባክናል የሚለው ክርክርም ከፊል እውነት አለው። ሆኖም የተሻሻለውን የከሰል ማክሰያ ምድጃ የሚያስተዋውቅ ወጣት ገበሬው ለምን በአፈሩ እንደጸና ሳይጠይቅ ከመጣ ምድጃው ቆሞ ይቀራል። በሌላ በኩል «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው አባባል ወጣቱን ገና ሳይናገር ዝም ያሰኘዋል። ስለዚህ የሚናገርበት ተራ በሥልጠናው ዕቅድ ውስጥ አስቀድሞ ይያዝለት።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና የሙያ ኮሌጆች አዲስ ሕንፃ ሳይጠብቁ ይህን መጀመር ይችላሉ። አንድ ነባር ከአንድ ወጣት ጋር ይመደብ፤ በሳምንት የታወቀ ሰዓት ይሰጣቸው፤ በመጨረሻም ሁለቱም አንዱ ከሌላው ምን እንደተማረ ይጠየቁ። ጡረተኛው ቁልፉን ሲያስረክብ በሩን መክፈት የሚችል ሰው አስቀድሞ ሊኖር ይገባል።