ጦርነት ሲያልቅ የድሮው ዋጋ ይመለሳል?

የዛሬውን ዋጋ ማታ እለጥፋለሁ፤ ከዚያ በፊት አንድ ጉዳይ አለኝ።

በቀደም አንድ የዩኒየን ኃላፊ ደወሉልኝ። «የቀይ ባህሩ ነገር ሲረጋጋ የመርከብ ኪራይ ይወርዳል፣ ገዢውም ወደ ድሮው ይመለሳል፤ እስከዚያ ቡናውን መጋዘን ብናቆየውስ?» አሉኝ። ብዙዎቻችሁም እንደዚሁ እንደምታስቡ አውቃለሁ። እኔ ግን አይቆይ ባይ ነኝ። ለምን? ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ አውሮፓ ለቡና ተዘጋ። ላቲን አሜሪካ ገዢ አጣ፤ በ1940 የብራዚል ሳንቶስ ኒውዮርክ ላይ ፓውንዱ 7 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ደረሰ። ብራዚልማ ከ1931 ጀምሮ ትርፍ ቡናዋን ስታቃጥል ነበር፤ እስከ 1944 ድረስ 78 ሚሊዮን ኬሻ ገደማ አመድ ሆኗል። አሜሪካ ጎረቤቶቼ ሲቸግራቸው ወደ ጀርመን ያዘነብላሉ ብላ ሰጋችና በኅዳር 1940 ከ14 አምራች አገሮች ጋር ኮታ ተፈራረመች። በዓመት 15.9 ሚሊዮን ኬሻ፣ ከዚያ ውስጥ ብራዚል ብቻዋን 9.3 ሚሊዮን። ለተቀረው ዓለም በሙሉ 355 ሺህ! እኛ ያኔ ጣሊያን እጅ ነበርን፤ ስለ ሐረርና ስለ ጅማ ቡና እዚያ ማን ይናገርልን?

ዋጋው በ1941 መጨረሻ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ወዲያው የአሜሪካ መንግሥት 13 ሳንቲም ከምናምን ላይ ጣሪያ አበጀለት። ጦርነቱ 1945 አለቀ፤ ጣሪያው የተነሳው ግን በ1946 ነው። ገበሬው የጉልበትና የዕቃ ወጪው እየጨመረ በጦርነት ዋጋ ሲሸጥ ከረመ።

ጠጪውም ቢሆን እንደነበረ አልቆየም። ወታደሩ በጦር ሜዳ የለመደውን ፈጣን ቡና ቤቱ ይዞ ገባ፤ ይህም ለሮቡስታ በር ከፈተለት። አረቢካ ብቻ ለምናመርት ለእኛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬ ትልቅ ገዢያችን የሆነችው ጃፓን ደግሞ ቡና ማስገባት እንደገና የጀመረችው ገና በ1950 ነው።

የኮታው ሐሳብስ? በ1962 እንደገና መጣ፤ በሐምሌ 1989 ሲፈርስ ዋጋው በጥቂት ወራት በግማሽ ገደማ ተናደ። በ2001 ከ50 ሳንቲም በታች ሲወርድ ሐረርጌ ላይ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለውን ታስታውሳላችሁ።

እና የመርከብ ኪራይ ቢወርድ እንኳ ቅናሹ ለእኛ ይደርሳል ያለው ማነው? ገዢው እስከዚያ ሌላ አቅራቢ ይለምዳል። የባንኩ ወለድ ይቆጥራል፣ ቡናው ያረጃል፣ አዲሱ ምርት ይደርሳል። ለኃላፊው ግማሹን አሁን ባለው ዋጋ ኮንትራት ይዘው ይሽጡ፣ ቀሪውን በየወሩ እያዩ ይልቀቁ አልኳቸው። ቦርዱ ሐሙስ ይሰበሰባል፣ እዚያ አነሳዋለሁ ብለውኛል።

ማታ በዋጋ እንገናኝ።