ሁለተኛው ሄልሜት፦ በምሥራቅ አፍሪካ የሞተር ተሳፋሪን ጭንቅላት የሚጠብቀው ማን ነው?

በኪጋሊ ጎዳናዎች የሞተር ታክሲ ያስቆመ ሰው ከመሳፈሩ በፊት አሽከርካሪው ሄልሜት ያቀብለዋል። በናይሮቢ ወይም በካምፓላ ‘ቦዳ ቦዳ’ ላይ የሚወጣው ተሳፋሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ሳይሸፍን ይጓዛል። የሩዋንዳ፣ የኬንያም ሆነ የኡጋንዳ ሕግ ተሳፋሪው ሄልሜት እንዲያደርግ ያስገድዳል። ልዩነቱን የፈጠረው ሕጉ አይደለም።

በአውሮፓውያኑ 2012 የተሻሻለው የኬንያ የትራፊክ ሕግ ለተሳፋሪው ሄልሜት የማቅረብ ግዴታን በአሽከርካሪው ላይ ጥሏል። አገሪቱ ከዚያ ቀደም ብላ በ2008 አነስተኛ ሞተሮችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ አድርጋ ነበር። ርካሽ ሞተር ለብዙ ሥራ አጥ ወጣቶች እንጀራ ሆነ። የደኅንነቱ ወጪ ግን የዕለት ገቢውን ለሚያሳድደው አሽከርካሪ ተተወ። እርሱም ያሰላል፦ ሁለተኛ ሄልሜት ገንዘብ ይጠይቃል፣ ማስቀመጫ የለውም፣ ይሰረቃል፤ ተሳፋሪውም ብዙ ጊዜ አልፈልግም ይላል።

የተሳፋሪው እምቢታ ምክንያት አለው። አንድ ሄልሜት በቀን ውስጥ ብዙ ጭንቅላት ላይ ይወጣል። ላቡና ሽታው፣ የፎረፎርና የቅማል ስጋቱ፣ በገንዘብ የተሠራ ፀጉር መበላሸቱ ሁሉ እውነተኛ ቅሬታዎች ናቸው፤ በተለይም ለሴቶች። ይህን እንደ ቅንጦት ማጣጣል የሚቀናቸው ባለሥልጣናት ተሳፋሪውን አያውቁትም ማለት ይቻላል። በ2014 ካምፓላ ውስጥ ሥራ የጀመረው ሴፍቦዳ ግን ቅሬታውን ተረድቶ፣ ለተሳፋሪው ከብርቱካናማው ሄልሜት ጋር ስስ የፀጉር መሸፈኛ ማቅረብን የአገልግሎቱ አካል አደረገ።

ሩዋንዳ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። አሽከርካሪዎቹ በማኅበር የተደራጁና ቁጥር ያለበት ሰደርያ የሚለብሱ በመሆናቸው ማንነታቸው በቀላሉ ይለያል። ፖሊስም ይቆጣጠራል፣ ይቀጣል። በመሆኑም ሁለተኛውን ሄልሜት አለመያዝ ከመያዙ ይበልጥ ውድ ሆነ።

ያም ሆኖ ሄልሜት ማድረግ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከውጭ ከሚታየው ጠንካራ ቅርፊት ሥር ያለው የፎም ንጣፍ በግጭት ጊዜ እየተጨመቀ የምቱን ኃይል ይውጣል። አንዴ ከተጨመቀ ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ ስለዚህ ከባድ አደጋ ያየ ሄልሜት ላዩ ደህና ቢመስልም አገልግሎቱ አብቅቷል። ማሠሪያው ካልተቆለፈ ደግሞ ከመሬት ጋር ከመጋጨት በፊት ሊወልቅ ይችላል። ለሁሉም ሰው በአንድ ልክ የተገዛና ማሠሪያው የላላ ሄልሜት በኪጋሊም አይጠፋም። 61 ጥናቶችን የመረመረውና በ2008 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ጥቅም ግን በወጉ የተሠራና በወጉ የታሰረ ሄልሜትን ይጠይቃል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይመለከታል። አዲስ አበባ በ2019 የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴን በፈቃድ ብቻ ስትገድብ ያቀረበችው ምክንያት ወንጀል ነበር። በክልል ከተሞች ግን ሞተር ሰው ያጓጉዛል፤ ሁለትና ሦስት ተሳፋሪ ደርቦ ሲሄድ ማየትም እንግዳ አይደለም። እዚያ ሞተር የሚገዛ ሰው ሁለት ሄልሜት አብሮ እንዲረከብ፣ ዋጋውም በሞተሩ ዋጋ ውስጥ እንዲታሰብ ማስገደድ ይቻላል። ሞተሮቹ ገና ሳይበዙ ቢጀመር፣ ኬንያ ዛሬ ከሚጠብቃት ሥራ እጅግ የቀለለ ይሆናል።