የድመቷ ደም ግፊትና የአዊ በሬ

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባካሄደው ረጅም ትግል ካፈራቸው የዕውቀት ፍሬዎች መካከል መድኃኒት ከፍተኛውን ቦታ እንደሚይዝ የታወቀ ነው። ሆኖም ማናቸውም መድኃኒት ከመቀመሙ አስቀድሞ መልስ የሚሻ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የማን ሕመምተኛ ቀድሞ ይታከም የሚለው ነው። ጥያቄው በሊቃውንት ላቦራቶሪ የሚፈታ መስሎ ይታይ እንጂ በተጨባጭ የሚወሰነው በገበያና በሕግ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ለሠራተኛውና ለመንደር ማኅበርተኛው ግልጽ ለማድረግ የሚነሣው እንግዳ ከሚመስል ስፍራ፣ ከድመት ደም ግፊት ነው።

አንባቢ አይሣቅ። ድመትም እንደ ሰው ሁሉ ደም ግፊት ይይዛታል። በተለይ ዕድሜዋ የገፋ፣ ኩላሊቷ የደከመ ወይም የእንቅርት ዕጢዋ ከልክ በላይ የሚሠራ ድመት ለዚህ ሕመም የተጋለጠች ናት። የላይኛው ግፊት ከ160 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ሆኖ ሲዘልቅ በዐይኗ፣ በአንጎሏ፣ በልቧና በኩላሊቷ ላይ ጉዳት ያደርሳል። ብዙ ጊዜ ባለቤቷ ሕመሙን የሚያውቀው የዐይኗ ውስጠኛ ሽፋን ተላቅቆ በድንገት ከታወረች በኋላ ነው። ሐኪሙ ግፊቱን የሚለካው በእግሯ ወይም በጅራቷ ላይ በሚጠመጠም ትንሽ መታሰሪያ ነው። ለብዙ ዓመታት የምትታከመውም አምሎዲፒን በተባለው፣ በሰው የደም ግፊት ሕክምና በታወቀው ርካሽ ክኒን ነበር።

ቆይቶም ቦሪንገር ኢንግልሃይም የተባለው የጀርመን ኩባንያ ቴልሚሳርታን የተሰኘውን መድኃኒት ሴሚንትራ በሚል ስም ለድመት አዘጋጀው። በአፍ የሚሰጥ ፈሳሽ ሲሆን፣ የደም ሥርን የሚያጠበውን የሰውነት ቅመም በር ዘግቶ ደም ሥሩ እንዲላላ ያደርጋል። የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት ለድመት ደም ግፊት እንዲሸጥ የፈቀደው በ2010 ዓ.ም. ነው። ሊጤን የሚገባው ግን ቴልሚሳርታን ራሱ አዲስ አለመሆኑ ነው። ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲወስዱት የኖሩት መድኃኒት ነው። አዲስ የሆነው ሕመምተኛው ነው። ኩባንያውም የድመትን ሕመም በዚህ ዓይነት መድኃኒት ማከምን የሚመለከት የፓተንት ጥያቄ በልዩ ልዩ አገሮች አቀረበ።

ፓተንት ምንድን ነው? በአጭሩ አንድ ፈጣሪ የፈጠራውን ምስጢር ለሕዝብ ሲገልጽ፣ በለውጡ ለተወሰነ ዘመን ሌላው ሰው ያለ ፈቃዱ ያንን እንዳይሠራና እንዳይሸጥ ለመከልከል ከመንግሥት የሚያገኘው መብት ነው። በዓለም አቀፉ የንግድ ስምምነት መሠረት ዘመኑ ጥያቄው ከቀረበበት ቀን አንሥቶ ከ20 ዓመት አያንስም። ይህ ውል በመርሕ ደረጃ ሚዛናዊ ነው፤ ኅብረተሰቡ ዕውቀት ያገኛል፣ ፈጣሪው የልፋቱን ዋጋ ያገኛል። ችግሩ ውሉ ስለ አንድ ነገር ዝም ማለቱ ላይ ነው። የልፋቱ ዋጋ የሚከፈለው በሕመሙ ክብደት ሳይሆን በሕመምተኛው፣ እዚህ ላይ ደግሞ በሕመምተኛዋ ባለቤት የኪስ ክብደት ነው። በበለጸጉት አገሮች ለአሮጊት ድመቱ በየወሩ መድኃኒት የሚገዛ ሰው ሞልቷል። ስለዚህ ለድመቷ መድኃኒት ተገኘላት። ለእርሷ በመገኘቱ ቅሬታ የለንም፤ የታመመ እንስሳ ሁሉ ሊታከም ይገባዋልና።

አሁን ፊታችንን ወደ አዊ እንመልስ። ከእንጅባራ ደጋ ተነሥቶ በቻግኒ በኩል ወደ ጓንጓና ወደ ዚገም ቆላ፣ ወይም ከዳንግላ ወደ ጃዊና ወደ በለስ ሸለቆ የወረደ ገበሬ ገንዲ የተባለውን በሽታ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። በሬው ይተኩሰዋል፤ ደሙ ይመነምናል፤ ጠጉሩ ይቆማል፤ እየበላ ይከሳል። ላሟ ጽንስ ትጥላለች። ጭነት የሚሸከመው አህያና የአዊ ሕዝብ የሚኮራበት ፈረስም አይተርፉም። በሽታውን የሚያመጣው በቆላ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በዐይን የማይታይ ጥገኛ ነው። ቪቫክስ የተባለው ዓይነት ደግሞ በሌሎች ተናካሽ ዝንቦችም ስለሚዛመት የቆላ ዝንብ በሌለበት በጣና ዙሪያ ደጋም ተገኝቷል። እንግዲህ ደገኛው ጉዳዩ የቆለኛው ነው ብሎ ሊቀመጥ አይችልም። በሬ የሞተበት ገበሬ በሬ ካለው ጋር ተቀናጅቶ ወይም ለእኩል ሰጥቶ ካላረሰ በስተቀር የዓመቱ እህል ከእጁ ወጣ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በዳንግላ ገበያ ጤፍ የሚሸምተው የከተማ ሠራተኛም የዚያን በሬ ሞት በኪሱ ይከፍላል።

ለዚህ በሽታ ክትባት የለም። ጥገኛው በደም ውስጥ እያለ የላይ ልብሱን እየለዋወጠ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያታልል ክትባት መሥራት እስከ ዛሬ አልተቻለም። የቀረው መሣሪያ ዝንቡን ማጥፋትና መድኃኒት ነው። መድኃኒቶቹስ የመቼ ናቸው? ሆሚዲየም እ.ኤ.አ. በ1952፣ ገበሬው ቤሬኒል እያለ የሚጠራው ዲሚናዚን በ1955 ወጡ። ሳሞሪን የሚባለው አይሶሜታሚዲየምም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። የአዊ ገበሬ ዛሬ በሬውን የሚያስወጋው አያቱ ወጣት በነበረበት ዘመን በተቀመመ መድኃኒት ነው! የእነዚህ ፓተንት ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል፤ ማንም ሊሠራቸው ይችላል። ጥገኛው ግን ከመድኃኒቶቹ ጋር ተለማምዷል። በጎረቤት በመተከል የመንደር ከብቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ከአንድ በላይ መድኃኒት የሚቋቋም ጥገኛ መኖሩን አረጋግጧል።

እንግዲህ ሁለቱን እንስሳት ጎን ለጎን ማየት ነው። ለአንደኛዋ፣ ቀድሞ የሚሠራ ርካሽ ክኒን እያለላት፣ ሌላ መድኃኒት ተጨመረላት። ለሁለተኛው፣ መድኃኒቱ እየከዳው ሳለ፣ ከ60 ዓመት በላይ በገበያው ላይ የተተካለት የለም። ይህ የሆነው የኩባንያ ሰዎች ከሌላው የከፉ ስለሆኑ አይደለም። ፓተንት ገዢ በሌለበት ገበያ ምንም ስለማይፈይድ ነው። ለአዊ በሬ የሚሠራ መድኃኒት ላይ የ20 ዓመት ብቸኛ መብት ቢሰጥ እንኳ፣ መብቱ የሚያስገኘው ገንዘብ ምርምሩ የፈጀውን አይመልስም። ፓተንት ከሌለ ምርምር የለም የሚሉ ወገኖች ፓተንት እያለም ምርምር ያልተደረገበትን ይህን ሰፊ መስክ ሊያስረዱን ይገባል።

በሰውም ላይ ይኸው ታይቷል። የገንዲ ወንድም የሆነው የሰው የእንቅልፍ በሽታ ኤፍሎርኒቲን በተባለ መድኃኒት መዳን መቻሉ ታውቆ እ.ኤ.አ. በ1990 በዩናይትድ ስቴትስ ፈቃድ ካገኘ በኋላ፣ በሽተኞቹ የአፍሪካ ድሆች ነበሩና ትርፍ የለውም ተብሎ ምርቱ ተቋረጠ። በ2000 ይኸው ቅመም የሴቶችን የፊት ጠጉር ዕድገት የሚገታ ቅባት ሆኖ ለገበያ ቀረበ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የዓለም ጤና ድርጅት ባደረጉት ግፊት በ2001 አምራቹ ለበሽተኞች መድኃኒቱን በነፃ ለመስጠት ተስማማ። ለሞት የሚያደርስ በሽታ ያላስነሣውን መድኃኒት የፊት ጠጉር አስነሣው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያም ቀደም ሲል ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ለዚሁ በሽታ የሠራውን 205 የተሰኘ መድኃኒት ቀመር በምስጢር ይዞት ሳለ፣ ፎርኖ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ፓሪስ ላይ ፈትቶ በ1924 ለዓለም አሳትሞታል።

የእኛ ዕውቀትስ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ምን ደረሰበት? ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየቱና እንዶድ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ማረጋገጡ የታወቀ ነው። ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቶበታል። ከዚያም የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ባዕድ ባለ ዛጎል የውሃ እንስሳ ለማጥፋት መዋሉን በ1990ዎቹ በራሱ ስም ፓተንት አስወጣበት። አሮጌ ነገር፣ አዲስ አገልግሎት፤ ልክ እንደ ድመቷ መድኃኒት። ልዩነቱ አሮጌው ነገር የኢትዮጵያ እናቶች መሆኑ ነው። የጤፍ ዱቄት ፓተንትም ከዚህ የተለየ አልነበረም። በኔዘርላንድ ፍርድ ቤት በኅዳር 2011 ዓ.ም. የተሻረው ሌላ የኔዘርላንድ ኩባንያ ስለተከራከረበት እንጂ እኛ ችሎት ቆመን አይደለም። ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አስቀድሞ አንድ የተሳሳተ ፍርሃት መወገድ አለበት። ፓተንት ከወጣበት አገር ድንበር አያልፍም። በኢትዮጵያ ያልተመዘገበ ፓተንት በኢትዮጵያ ውስጥ ማንንም አያስርም። ስለዚህ በውጭ አገር በፓተንት የታጠረ ማናቸውም የእንስሳት መድኃኒት እዚህ ጥበቃ እስካልተጠየቀበት ድረስ በዐዋቂዎቻችን እጅ ሊቀመም ይችላል። የሚከለክለን የእውቀት፣ የመሣሪያና የውጭ ምንዛሪ እጥረት እንጂ የባዕድ ወረቀት አይደለም። ይህን ለመድኃኒት ፋብሪካ ሠራተኛ ደጋግሞ ማስረዳት ይገባል።

ሁለተኛው የሕግ ጉዳይ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123 የሰውንም ሆነ የእንስሳን አካል በቀዶ ሕክምና ወይም በመድኃኒት የማከም ዘዴ ፓተንት እንዳይሰጠው ደንግጓል። የዓለም የንግድ ስምምነትም ለአገሮች ይህንኑ ይፈቅዳል። ይህ ለእንስሳት ሐኪሙም ለገበሬውም ትልቅ ጋሻ ነው። ነገር ግን የዘዴው በር ሲዘጋ በመስኮት የሚገባ አለ። አውሮፓ ውስጥ የሕክምናው ዘዴ ፓተንት ባይሰጠውም፣ «ይህን በሽታ ለማከም የሚውል ይህ የታወቀ መድኃኒት» ተብሎ ከተጻፈ ይሰጠዋል። ህንድ ይህን መስኮት ዘጋችው። የታወቀ ንጥረ ነገር አዲስ አገልግሎት ስለተገኘለት ብቻ ፈጠራ አይባልም ብላ በሕጓ በጻፈችው አንቀጽ መሠረት ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ እ.ኤ.አ. በ2013 የኖቫርቲስን የካንሰር መድኃኒት ጥያቄ ውድቅ አደረገ። ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ጥያቄ ካቀረበች ወዲህ የፈጠራ ሕጎቻችን ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ይህ የህንድ አንቀጽ በአማርኛ ተጽፎ በጠረጴዛው ላይ ሊገኝ ይገባል እንላለን። አንቀጹን የሚቃወም ይኖራል፤ ባለሀብት ይሸሻል ይላል። ለገንዲ ስንል የሚሸሽ ባለሀብት ግን ቀድሞም አልመጣም።

ሦስተኛውና ዋናው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ገበያው የማይሠራውን የሚሠራ የሕዝብ ተቋም ሊኖር ይገባል፤ ይህም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቢሾፍቱ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈረስን በሽታ ጨምሮ የብዙ በሽታዎችን ክትባት እያመረተ አገልግሏል። በ1880ዎቹ ክፉ ቀን የአገሪቱን ከብት የጨረሰው ደስታ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው የብዙ አገሮች የመንግሥት ተቋማት፣ የኛው ተቋም ሠራተኞችም ጭምር፣ ለዓመታት ስለደከሙ ነው። ያን ድል ያመጣው የአንድ ኩባንያ ብቸኛ መብት አልነበረም። የገንዲ መድኃኒት ምርምርም በዚሁ መንገድ፣ ቆላ ዝንብ ከሚያስቸግራቸው የአፍሪካ አገሮች ጋር በጋራ ወጪ ቢያዝ፣ ውጤቱ የማንም አጥር የሌለበት የጋራ ሀብት ሊሆን ይችላል።

የአገር ሽማግሌዎች የሚያውቁት የከብት መድኃኒት ቅጠልና ሥርም አለ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ማኅበረሰቡ ፈቃድ እንዳይወሰድ ይደነግጋል። ሆኖም ሕጉ ያልተመዘገበን ነገር ሊያስከብር ይቸገራል። በአዊ ያሉ እድሮችና የመንደር ማኅበራት ሽማግሌዎቻቸውን አስፈቅደው፣ ከባለሙያ ጋር ሆነው፣ በአዊኛም በአማርኛም ማጻፍ ይኖርባቸዋል። ፎርም ይዞ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ ከመናገር በፊት ፎርሙ ምን እንደሚል ማንበብም ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ ዓመታት ይወስዳል። እስከዚያው በእጅ ያለውን አሮጌ መድኃኒት ዕድሜ ማራዘም የእያንዳንዱ ማኅበርተኛ ሥራ ነው። የዲሚናዚን የተለመደ መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት 3.5 ሚሊ ግራም ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ 875 ሚሊ ግራም ይፈልጋል። ለአንድ በሬ የተለካውን ለሁለት መክፈል ሁለቱንም አያድንም፤ ጥገኛውን ግን ያሠለጥነዋል። በየገበያው በጉልት የሚሸጠው ዱቄት ስለ መጠኑም ስለ ምንነቱም ዋስትና የለውም። ማኅበሩ በጋራ አዋጥቶ ከታወቀ ፋርማሲ በደረሰኝ ቢገዛና በእንስሳት ጤና ባለሙያ እጅ ቢያስወጋ ወጪውም ይቀንሳል። መድኃኒቱ ተሰጥቶት ያልዳነ በሬ ሲገኝ ደግሞ ቁጥሩ የተጻፈበት ከረጢት አይጣል። ለወረዳው ክሊኒክ ይሰጥ፤ የበሬውም ደም ተወስዶ ባሕር ዳር ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ እንዲላክ ይጠየቅ።