ናሙና የሌለው ጨረታ

ዛሬ ከገበያው ትንሽ ወጣ ልበል።

ናሙና ሳልቀምስ ቡና ገዝቼ አላውቅም። ባለፈው ግን አሜሪካ ካለ ሻጭ ያገለገለ አምፕሊፋየርና ስፒከር በኦንላይን ጨረታ፣ ፎቶ ብቻ አይቼ ገዛሁ።

አምፕሊፋየሩ የ120 ቮልት ሆኖ ተገኘ፤ የእኛ መብራት 220 ስለሆነ ትራንስፎርመር ተጨመረ። የስፒከሩ ዙሪያ ስፖንጅ በእድሜ ብዛት ተበጣጥሷል፤ ፎቶው ላይ የፊት ጨርቁ ሸፍኖታል። ሻጩ «ባለበት ሁኔታ» ብሎ ስለጻፈ መመለስ የለም። ማጓጓዣና ቀረጥ ሲደመር ከመርካቶ ዋጋ በለጠ።

ጨረታ አትግቡ አልልም። ግን እንደ ቡናው አስሉት፦ ያሸነፋችሁበትን ዋጋ ሳይሆን ቤት እስኪገባ የሚወጣውን ሁሉ። ሲሰራ የሚያሳይ ቪዲዮ ጠይቁ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት እዩ፣ ጣሪያችሁን ቀድማችሁ ወስኑ፣ እልህ አትጋቡ። ናሙና በሌለበት ቅናሹ አደጋውን ካልሸፈነ ይለፋችሁ።