መንኮራኩሩን ከማን ደበቁት?



ባለፈው ወር በብዙዎቻችሁ ስልክ ላይ የዞረው የድምፅ መልእክት ለእኛም ደርሶናል፤ ያውም ከአምስት ሰው። ተናጋሪው ልጆቻችን የሚያዩት አንድ የጠፈር ካርቱን የአጋንንት ትምህርት ቤት ነው ይላል። ማስረጃ ያደረጋቸው ሦስት ናቸው። በውስጡ ስሙ “ሟርተኛ” ማለት የሆነ ሰው አለ፤ ሥጋ የሌለው መንፈስ አለ፤ አውሬ የሚመስሉ ፍጥረታት ከልጆች ጋር ወዳጅ ሆነው ይኖራሉ። ስለዚህ ወላጆች በዚያው ሌሊት ስልኩን እንዲነጥቁና ቤቱን በዘይት እንዲቀቡ ይመክራል። መልእክቱን ለሃያ ሰው ያላስተላለፈ ደግሞ በልጆቹ ላይ የሚመጣውን እንዲጠብቅ ያስጠነቅቃል። መናፍስትን እንመርምር ከተባለ፣ ምርመራው ከዚህች ከመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር መጀመር ነበረበት።

እኛ ግን መጀመሪያ ያደረግነው ፊልሙን ማየት ነው። በቤታችን፣ ባልና ሚስት ከመጨረሻ ልጃችን ጋር ተቀምጠን የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሃያ ክፍል ጨረስን። በእኛ ዕድሜ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ወስዶናል።

ተከታታይ ፊልሙ “ስታር ትሬክ፡ ፕሮዲጂ” ይባላል። ኬቨን እና ዳን ሄግማን የተባሉ ወንድማማቾች የፈጠሩት ሲሆን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በኋላ ወደ ኔትፍሊክስ ተዛውሮ ሁለተኛው ምዕራፍ በ2024 ወጣ። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2383፣ ታርስ ላሞራ በምትባል የማዕድን ማውጫ እስር ቤት ነው። ልጆች በባርነት ይቆፍራሉ። ከልዩ ልዩ ዓለም የመጡ ስለሆኑ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም፤ አሳሪያቸውም አውቆ አስተርጓሚ መሣሪያ ከልክሏቸዋል፤ ከተግባቡ ያምጻሉና። ዳል የተባለ ጎረምሳና ጓደኞቹ ከመሬት በታች ተቀብራ የቆየች “ፕሮቶስታር” የምትባል መንኮራኩር ያገኛሉ። አሳሪው ለዓመታት ሲያስቆፍር የነበረው እርስዋን ፍለጋ ነው። ልጆቹ ይዘዋት ያመልጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሥራቸው እርስዋንም ራሳቸውንም መደበቅ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ክሱ እንምጣ። “ሟርተኛው”፣ በእንግሊዝኛው ዲቫይነር የሚባለው፣ የታሪኩ ጨካኝ ሰው ነው። ልጅ አይቶት እርሱን ልምሰል የሚለው ዓይነት አይደለም። በዘጸአት ውስጥ ፈርዖን አለ ብሎ መጽሐፍ ቅዱሱን የሚዘጋ አማኝ እስከ ዛሬ አላየንም። ሥጋ የሌለው የተባለው ዜሮ ደግሞ መልኩን በቀጥታ ያየ ሰው አእምሮውን ስለሚስት፣ ወዳጆቹ እንዳይጎዱበት በብረት ልብስ ውስጥ ተሸፍኖ የሚኖር ፍጥረት ነው። ልጃችን ስለ እርሱ ያለን ነገር ቢኖር “ያሳዝናል” ነው።

“አውሬዋ” ላይ ግን ቆም እንበል። ሮክ-ታክ ትባላለች፤ ተንቀሳቃሽ ቋጥኝ ናት። እስረኞቹ ሁሉ ይፈሯታል፤ ስታጉረመርም ይሸሻሉ። መንኮራኩሯ ውስጥ ገብተው አስተርጓሚው ሲሠራ ግን ከዚያ ሁሉ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣው የስምንት ዓመት ሕፃን ድምፅ ነው። ለካስ ስታጉረመርም የኖረችው ልጅ ስለሆነች ነው፤ የሚሰማት አጥታ። ስለ ባቢሎን ግንብና ስለ በዓለ ሃምሳ ስንሰብክ የኖርን ሰዎች፣ ቋንቋ ለቋንቋ የተለያዩት ሲሰማሙ የሚያሳይ ትዕይንት ሲመጣ ከማንም ቀድመን ማወቅ ነበረብን። የድምፅ መልእክቱ ግን ቁመናዋን ብቻ አይቶ ፈረደ።

(በነገራችን ላይ፣ ሕዝቅኤል ያየው መንኮራኩር የጠፈር መርከብ ነው የሚሉ ሰባኪዎችም አጋጥመውናል። ቃሉ አንድ ስለሆነ ነገሩ አንድ አይሆንም። ነቢዩ ያየው የእግዚአብሔርን ክብር ነው። የመንኮራኩር ፊልም የሚያወግዝና ሕዝቅኤልን ፊልም የሚያደርግ አንዳንድ ጊዜ አንድ ሰው መሆኑ ግን ይገርመናል።)

ይህን ስንል ከፊልሙ ጋር ጠብ የለንም ማለታችን አይደለም። ጠባችን ሌላ ቦታ ነው። ስታር ትሬክን እ.ኤ.አ. በ1966 የጀመረው ጂን ሮደንቤሪ በባፕቲስት ቤት አድጎ በኋላ እምነቱን የተወ፣ ሰው በራሱ ጥበብ ይበቃዋል የሚል ሰው ነበር። የሠራው ዓለምም እንደዚያው ነው። ሰው ራሱ ተምሮ፣ ራሱ ተሻሽሎ ረሃብንና ጦርነትን ከምድር ያጠፋበት ዓለም ነው። ለእነዚያ ለታሠሩት ልጆች “ፌዴሬሽን” የሚባለው ኅብረት እንደ ከነዓን ነው፤ እዚያ ከደረስን ድነናል ይላሉ። በጭንቅ ሰዓት ወደ ሰማይ የሚጮኽ የለም። ይህ ያለ ቀንድና ያለ ጅራት የሚገባ ሌላ ወንጌል ነው፤ መልእክቱን የቀዳው ወንድማችን ቀንድ ሲፈልግ ይህን አለፈው። እኛ ግን ለልጃችን በግልጽ ነግረነዋል፤ በዚህ አንስማማም ብለነዋል። እርሱም አዳመጠ፤ አጠገቡ ተቀምጠን አብረን እያየን ነበርና። ስልክ ነጥቆ በሩን የዘጋ ወላጅ ይህን ለማን ሊናገር ነው?

ደግሞም ፊልሙ አንዳንዴ ከሠሪዎቹ እምነት አልፎ ይሄዳል። ልጆቹ ወደ ፌዴሬሽኑ ሲገሰግሱ መሐል መንገድ ላይ አንድ ነገር ያውቃሉ። መንኮራኩሯ ውስጥ መሣሪያ ተቀብሯል። ከሌላ መርከብ ጋር ገና ሰላምታ ስትለዋወጥ መሣሪያው ይጋባል፤ መርከቦቹም እርስ በርስ ይተላለቃሉ። መዳኛችን ያሏት ለሚወዷቸው ሁሉ ጥፋት ልታደርስ ነው። ስለዚህ ከአሳሪያቸው ብቻ ሳይሆን፣ ሌባ መስለዋት ከምትከታተላቸው ከደጓ አድሚራል ጄንዌይም ይሸሻሉ። የምዕራፉ መጨረሻ ላይ መንኮራኩሯ ራስዋ መጥፋት አለባት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ስትመክራቸው የቆየች፣ በጄንዌይ አምሳል የተሠራች የብርሃን ምስል አለች። እነርሱን አስወጥታ እርስዋ ትቀራለች። ልጃችን እዚህ ላይ አለቀሰ። እኛ ልንሰብክ አፋችንን ከፍተን ነበር፤ የእናቱ ክርን አስቆመን። ልክ ነበረች።

ከሁሉ ይልቅ ያልተወን ግን ሌላ ነገር ነው። ያ አሳሪ ግዊን የምትባል ሴት ልጅ አለችው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሰው በሚበላ ፕላኔት ላይ በሐረግ ተይዛ፣ እግርዋ ተጎድቶ፣ አባትዋን ትጣራለች። መንኮራኩሯም እዚያው ቅርብ ናት። አባት ሁለቱንም ማግኘት አይችልም። መንኮራኩሯን መረጠ። ተመልሰው ልጅቷን ያዳኗት፣ ከጥቂት ቀን በፊት እርስዋን እስረኛ አድርገው የያዟት እነዚያው ልጆች ናቸው።

ወንድሞች፣ በተለይ አገልጋዮች፣ እዚህ ላይ ሳሎኑ ጠበበን። ለዚያ ሰው መንኮራኩሯ ተራ ዕቃ አልነበረችም፤ የሕዝቡ መዳን፣ ጥሪው፣ የተላከበት ጉዳይ ናት። ልጁን የጣለው በክፋት ብቻ አይደለም፤ በአገልግሎት ነው። እኛም ስንት ኮንፈረንስ፣ ስንት የሽማግሌዎች ስብሰባ፣ ስንት “ጌታ ልኮናል” ተብሎ የተሄደ መንገድ አለ፤ የልጅ ልደት፣ የልጅ ትኩሳት፣ የልጅ ጥያቄ ወደ ኋላ የቀረበት። ትልቋ ልጃችን ዛሬ በሰው አገር ናት። ስንደውል “ደህና ነኝ፣ ተመስገን” ትላለች፤ ከዚያ በላይ አትናገርም። ከማን ተማረችው ብለን አንጠይቅም።

አሁን ይህን ለምን እንደጻፍን እንናገር። መልእክቱ በዞረ ሰሞን አንዲት እናት በወላጆች ስብሰባ ላይ ቆማ አለቀሰች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅዋን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኖ ይህንኑ ፊልም ሲያይ አገኘችው። አንድ ሽማግሌ አባታችን ወዲያው ፈረዱ፤ ስልኩ ይወሰድ፣ ልጁ ይጸለይለት። ስብሰባው አሜን አለ፤ እኛም አሜን አልን፤ ገና ፊልሙን አላየንም ነበር። ለጸሎት ሲያመጡት ልጁ ዓይኑን አላነሣም። ብቻችንን ስንሆን “ለምን ተደብቀህ አየህ?” አልነው። “ብነግራት ትጮኽብኛለች” አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ “ፓስተር፣ እርስዎም ይጮኹብኛል” አለን።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ምክንያቱም መደበቅን እናውቀዋለን። በደርግ ዘመን ልጆች ነበርን። ጸሎት በቤታችን ሲሆን መጋረጃ ይወርዳል፤ መዝሙር በሹክሹክታ ነው። የእኛ የልጆች ሥራ የእንግዶቹን ጫማ ከደጅ እያነሱ ወደ ጓዳ ማስገባት ነበር፤ የጫማ ብዛት ያጋልጣልና። መጽሐፍ ቅዱሱ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ነበር። ሰው ከመጣ ልደት ነው በሉ ተብለናል። የሙሴ እናት ሕፃኑን ሦስት ወር መሸሸጓን ስናነብ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አልነበረም። መደበቅ ሁሉ ኃጢአት ነው የሚል ካለ የራሱን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ አያውቅም።

ነገር ግን አስተውሉ፤ እኛ ያን ጊዜ ከወላጆቻችን ጋር ሆነን ነበር የምንደብቀው። ምስጢሩን የነገሩን እነርሱ ናቸው፤ የሰባት ዓመት ልጅ አምነው ነገሩት። ይህ ልጅ ግን የሚደበቀው ከእናቱና ከእረኛው ነው። በእርሱ ዓይን ቀበሌው እኛ ሆነናል። አዳም ከዛፎቹ መሐል ሲደበቅ እግዚአብሔር እየተመላለሰ የት እንዳለ ጠየቀው እንጂ ከሩቅ አልጮኸበትም።

ከወዲያ ወገን ደግሞ “ፓስተር፣ ካርቱን እኮ ነው፤ ምን ያካብዱታል?” የምትሉን አላችሁ። ከእናንተም ጋር አንስማማም። ስልኩን ለልጁ የምትሰጡት ፊልሙ ጥሩ ስለሆነ አይደለም፤ እናንተ ዝምታ ስለፈለጋችሁ ነው። በዘዳግም 6 እንደታዘዝነው በቤት ተቀምጦ፣ በመንገድም ሲሄዱ ከልጅ ጋር መነጋገር ስልኩን ከመንጠቅም ከመስጠትም ይከብዳል። ነጣቂውም ሰጪውም ልጁ ያየውን አላዩም።

ሽማግሌ አባታችን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እናከብራቸዋለን፤ በዘመናቸው ለወንጌል የታሠሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ብቻ አብረውን እንዲያዩ ለምነናቸዋል፤ “መነጽሬ ተሰብሯል” ብለውናል። መልእክቱን ላስተላለፋችሁልን አምስታችሁም ግብዣው ያው ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ክፍት ነው፤ ቡና ይፈላል።

ልጁን ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ እናቱ ባለችበት። እንዴት መለስ ብሎ እንዳየን አንረሳውም፤ ገና አላመነንም። አሁን ሁለተኛውን ምዕራፍ ጀምሯል። ሳሎን ውስጥ ነው የሚያየው፤ እናቱ ሽንኩርት እየከተፈች ታዳምጣለች፤ ማን ማን እንደሆነ እየጠፋባት በየደቂቃው ትጠይቀዋለች፤ እርሱም እየተነጫነጨ ያስረዳታል።